አርባ አንድ ቀን

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖሩ አንዲት እናት ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጃቸው የጻፈላቸውን ደብዳቤ አስነበቡኝ። ልጁ በአሜሪካ ፌዴራል እስር ቤት ይገኛል። ከሌላ እስረኛ ጋር በሚያድርበት ክፍል ውስጥ የተደበቀ ስልክ ተገኘ። «የእኔ አይደለም» ቢልም የዲሲፕሊን ችሎቱ ጥፋተኛ ነህ ብሎ 41 ቀን ቆረጠበት። በፌዴራል ሕግ እስረኛ በመልካም ጠባዩ በዓመት እስከ 54 ቀን ይቀነስለታልና የተወሰደበት ከዚያ ላይ ነው። እናትየው በጣታቸው ቆጥረው «የገናን ጾም ሊያህል ምን ቀረው?» አሉኝ።

ደብዳቤውን ሳነብ አጎቴ ትዝ አለኝ። አገር ቤት ታስሮ የእስራቱን ሁለት ሦስተኛ ሲጨርስ አመክሮውን እንጠብቅ ነበር። «በዲሲፕሊን ተከልክሏል» የተባልነው በር ላይ ቆመን፣ በቃል ነው። ምን አጠፋ? መቼ? ማን አየው? «ተወስኗል» ከማለት በቀር የመለሰልን የለም። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 202 አመክሮን ከእስረኛው የሥራና የጠባይ መሻሻል ጋር ያያይዘዋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 37 ፍርድ የሚሻን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት ሰጥቶናል። እኛ ግን ለዳኛ የምናሳየው አንዲት ቁራጭ ወረቀት አልነበረችንም።

የእኒህ እናት ልጅ ወረቀቱ በእጁ ነው፤ ክሱ፣ ማስረጃው፣ የውሳኔው ምክንያት ተጽፎለታል። ይህ በቸርነት የተገኘ አይደለም። በአሜሪካ የነብራስካ ግዛት እስረኞች ከስሰው በ1974 እ.ኤ.አ. ያስፈረዱት ነው። የመልካም ጠባይ ቀን የሚወሰድበት እስረኛ ክሱ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ይድረሰው፣ የውሳኔው ምክንያትም ይጻፍለት ሲል የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰነ።

ሆኖም በ1985 እ.ኤ.አ. ያው ፍርድ ቤት ለቅጣቱ «ጥቂት ማስረጃ» ካለ ይበቃል አለ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስም ዳኛው ማን እውነት እንደተናገረ አይመዝንም። ሁለት ሰው በሚያድርበት ክፍል የተገኘ ስልክም ብዙ ጊዜ ለሁለቱም ማስረጃ ይሆናል። ይህ ያንገበግበኛል። አገር ቤት ችሎት ስከታተል ተከሳሹ እጁን አውጥቶ እስር ቤት የደረሰበትን ለዳኛው ፊት ለፊት ሲናገር፣ ዳኛውም ማረሚያ ቤቱ ቀርቦ መልስ እንዲሰጥ ሲያዙ አይቻለሁ። በዚያች ደቂቃ እስረኛው ሰው ነው፤ ይደመጣል። ለአጎቴ የጎደለው ዳኛ ፊት የሚያደርሰው ወረቀት ነበር።

«ዳኛው ልጄን ያዩታል?» አሉኝ እናትየው። ምናልባት ወረቀቱን ብቻ እንደሚያዩ ነገርኳቸው። ከዚያም በፊት በእስር ቤቱ አስተዳደር በኩል ይግባኙን መጨረስ አለበት፤ ለመጀመሪያው ይግባኝ ያለው ጊዜ 20 ቀን ነው። ደብዳቤው ላይ ውሳኔው ለልጁ የደረሰበትን ቀን በጣታቸው ነክተው ስንት እንዳለፈ ጠየቁኝ። ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር። ቦርሳቸውን ከፍተው እስክሪብቶ አወጡና «በል ልጄ፣ ቀኑ ሳያልፍበት ጻፍለት» አሉኝ።