ፕሮግራሙ ተሳክቷል፣ ባነሩ ይመስክር

እኛ ባሕር ዳሮች ግምገማ ላይ ማንም አይደርስብንም። ባለፈው ቅዳሜ እኔም የወላጅ ኮሚቴ ነህና ና ተብዬ አንዱን ታደምኩ። የልጆቻችን ትምህርት ቤት ሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት ሙሉ የማጠናከሪያ ትምህርትና የሥነ ምግባር ፕሮግራም ሲያካሂድ ነበር። ውጤት አምጥቷል ወይ? ይኼ ሊመዘን ነው። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ደግሞ አይመዘንም፤ ተማሪ ይረብሻል። ስለዚህ ጣና ዳር አዳራሽ ተከራየን። የሐይቁ ነፋስ አእምሮ ይከፍታል።

መጀመሪያ የቀረበልን ስኬት ባነሩ ነው። ቀጥሎ ቲሸርቱ። ቀጥሎ የተሳታፊ ብዛት። ልጆቹ ስንቴ እንደመጡ በወንድና በሴት ተለይቶ ተነገረን። ምን ይዘው እንደሄዱ የጠየቀ የለም፤ ነገር ማራዘም ይሆናል። እምቦጭ ስንነቅልም እንዲሁ ነን። ስንት ሰው ወጣ ይባላል እንጂ ሐይቁ ላይ ስንት ቀረ አይባልም።

ፈተና አልነበረም እንዳትሉ፣ ነበረ። ከፕሮግራሙ በፊት አንድ፣ በኋላ አንድ። ጥያቄዎቹ ያው ራሳቸው ናቸው፤ ፍትሐዊ እንዲሆን። በመሀል ቱቶሪያል ላይ አንድ በአንድ ተሠርተዋል፤ ልጆቹ እንዳይደነግጡ። ውጤቱም ጨመረ። ደግሞ የተመዘገቡት በፈቃዳቸው ነው። ማለትም ቅዳሜ ጠዋት ኳስ ትተው ሒሳብ የሚመርጡት ናቸው። እንዲህ ያለውን ልጅ ጎበዝ ለማድረግ ምን ያህል እንደተለፋ አስቡት።

እኔን ያስገረመኝ ግን የጠባዩ ነገር ነው። አስተባባሪው የዲሲፕሊን መዝገቡን ገልጠው አሳዩን። ከመስከረም እስከ ጥር ገጹ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጢም ብሏል፦ አረፈደ፣ አጥር ዘለለ፣ ዴስክ ሰበረ፣ ከመምህር ጋር ተመላለሰ። ከየካቲት በኋላ ነጭ ወረቀት ነው። አንድ የሻይ ጠብታ ብቻ አየሁ። አዳራሹ አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። አጠገቤ የተቀመጠ መምህር ጠጋ ብሎ፣ «መዝገቡን የሚይዙት ዩኒት ሊደሩ እኮ እኚሁ ናቸው፤ ከየካቲት ጀምሮ የፕሮግራሙ አስተባባሪ ሆኑ» አለኝ። አንድ ሰው እስክሪብቶውን ኪሱ ስለከተተ ብቻ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ጨዋ ሆነ። እንዲህ ያለ እጅ ይባረክ እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

ይሉኝታ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት መዛኝ ያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም. ተማሪውን ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብቶ ሲፈትን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በ2015 ደግሞ 3.2። የስንቱን ባነር አዋረደው! በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ሲወጣ ግን እናውቅበታለን። ጭማሪው የማን ፕሮግራም ነው ቢባል አዳራሽ ሙሉ እጅ ይወጣል። የ3.2ቱ ባለቤት እስካሁን አልተገኘም።

ግምገማው እንዲህ አምሮ ሳለ አንዲት እናት ሥርዓት አጓደሉ። መንትያ ሴት ልጆች አሏቸው። አንደኛዋ ፕሮግራሙ ላይ ተመዝግባለች። ሁለተኛዋ ቅዳሜ ገበያ ስለምታግዛቸው አልተመዘገበችም። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«መምህር፣ ካርዳቸውን አይቻለሁ። ሁለቱም እኩል ነው የጨመሩት። ያልገባችዋን ማን አሻሻላት? ደግሞስ ያልተመዘገቡት ሌሎቹ ልጆች ስንት አመጡ?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ፍሊፕ ቻርቱ ጋ የቆመው ልጅ ማርከሩን ከፍቶ መልሶ ከደነው። አስተባባሪው ፈገግ አሉ።

«በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው እናቴ። በአስተያየት መልክ እንውሰደው።»

ወዲያው ምሳ ደረሰ ተባለ። የዓሣ ዱለቱ፣ እውነት ለመናገር፣ ከፕሮግራሙ ሁሉ ያለ ጥርጥር የተሳካው እሱ ነው። አበላችንን ፈርመን ተቀበልንና ተበተንን።

ሰኞ ቃለ ጉባኤው በቴሌግራም ደረሰኝ። ተራ ቁጥር 7 ላይ እንዲህ ይላል፦ «አንዲት የመንትዮች ወላጅ ፕሮግራሙ ሁለቱንም ልጆቻቸውን እንዳሻሻለላቸው ገልጸው ምስጋናቸውን አቅርበዋል።»

ፈርሜበታለሁ።