ዝቅ በሉ፣ ትራፊክ አለ!

አዲስ የመንገድ ደኅንነት ረቂቅ ሕግ ይመጣል በተባለ ቁጥር የሚያሳዝኑኝ አርቃቂዎቹ ናቸው። ምስኪኖች! ስለ ወንበር ልክ፣ ስለ ቀበቶ፣ ስለ ፍጥነት አንቀጽ ሲጽፉና ሲሰርዙ ያመሻሉ። እኛ በሁለት ቃል እንጨርሰዋለን፦ «ዝቅ በሉ!»

ይህን ጥበብ ከነሙሉ ክብሩ ማየት የሚፈልግ ከባሕር ዳር ወደ ሐሙሲት በሚኒባስ ይሂድ። ከመናኸሪያ ስንወጣ አንድም ትርፍ የለም። ሕግ አክባሪዎች ነና! ትርፉ ከበሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቀናል። ዓባይ ድልድይ ስንደርስ ለሦስት የተሠራው ወንበር አራት ይዟል። በ2016 የተመረቀው ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ለእግረኛና ለብስክሌት እንኳ የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ለመኪና ሰፊ መንገድ እንወዳለን። ለሰው ሰፊ ወንበር ግን ቅንጦት ነው።

ዘንዘልማን አለፍ እንዳልን ከፊት የሚመጣ ሲኖትራክ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ትራፊክ አለ ማለቱ ነው። ፍቅር ይሏል ይህ ነው! ከደቂቃ በፊት መስመራችን ውስጥ ገብቶ ሊጨፈልቀን የነበረ ሾፌር፣ እንዳንቀጣ ተጨነቀልን።

ረዳቱ «ዝቅ በሉ!» ይላል። በቀበሌ ስብሰባ ለማንም አንገቴን አልደፋም ያሉ አባት አንገታቸውን ጉልበታቸው መካከል ይቀብራሉ። መምህሩ ከማዳበሪያ ጆንያ ጋር ይተቃቀፋል። የተቀመጡት እናቶች ነጠላቸውን ዘርጋ አድርገው ከለላ ይሆናሉ። ቀና ብሎ ሊያይ የሞከረ ሕፃን ይኮረኮማል፤ ሥነ ምግባር ከልጅነት ነዋ። ሾፌሩም ቀበቶውን ሳብ አድርጎ በክርኑ ይይዘዋል። ማሰር? ለሁለት መቶ ሜትር?

አለፍን! ሳቅ በሳቅ። ሾፌሩ ይወደሳል። በዚህ ደስታ መሀል «ለምን ትርፍ ይጫናል?» የሚል ነገረኛ ቢነሳ መልሱን የሚሰጠው ረዳቱ አይደለም፤ ጭኑ ላይ ሰው የተቀመጠበት ተሳፋሪ ነው። «ካልተመቸህ ኮንትራት ያዝ!»

እንዲህ ያለ ሕዝብ በየትኛው ሕግ ይረታል? የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ወጣ፤ ጎንበስ አልን። በ395/2009 ተሻሻለ፤ ይበልጥ ጎንበስ አልን። 557/2016 መጣ፤ ይኸው ወለሉ ላይ ደርሰናል። ከዚህ በኋላ የሚወጣው ሕግ ሻንሲ ሥር ካልገባን አይሆንም።

ስለዚህ የአማራ ክልል ሌላ ሕግ ማርቀቁ ካልቀረ የኛም ሐሳብ ይካተት። ዝቅ በምንልበት ቦታ ስፖንጅ ይነጠፍ። መብራት ላበራልን ሾፌር የምስጋና ወረቀት ይሰጥ። ፍጥነቱና ፍሬኑ እንደሾፌሩ ፈቃድ ይሁን፤ እሱ ውስጥ አንገባም። ወለል ላይ የተጣጠፈ ሰው ወንበር ላይ ከተቀመጠው እኩል ሙሉ ታሪፍ መክፈሉ ግን ግልጽ በደል ነው። እዚህ ላይ ሕጉ ጠበቅ ይበል።