አይጧ ስትድን የልጅቷ ጣት ይታጠፋል

ጣና ዳር፣ የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች ከሚቆሙበት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ ቡና የምጠጣባት አንዲት ዳስ አለች። ሲኒ የምታጥበው የባለቤቷ ልጅ ናት፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው። የግራ እጇ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ወደ መዳፏ ታጥፈው ቀርተዋል። ሲኒውን በሦስቱ ጣቶች ይዛ፣ በታጠፉት አንጓ ከሥር ደግፋ ታሽከረክረዋለች። ሁለት ዓመት ሳይሞላት ምድጃ ላይ ወድቃ ነው። እናትየዋን ስጠይቃት «ቁስሉማ ቶሎ ነው የዳነው እኮ ጋሼ፤ ከዳነ በኋላ ነው ጣቷ እየተሰበሰበ የሄደው» አለችኝ።

አፈርኩ። እኔ ይህንን «ቶሎ ዳነ» የሚባለውን ነገር ለክቼ ዲግሪ የተቀበልኩ ሰው ነኝ።

ከዓመታት በፊት ለማስተርስ መመረቂያዬ የመረጥኩት፣ የአንድ ቅጠል ቅባት ቃጠሎ ያድን እንደሆነ በአይጥ መሞከር ነበር። አይጦቹን በኬታሚን አደንዝዘን፣ ጀርባቸውን ላጭተን፣ የጋለ ሰም እናፈስባቸዋለን። ለግማሾቹ መድኃኒቱ ያለበትን፣ ለግማሾቹ ባዶውን ቅባት እንቀባለን። በየሁለት ቀኑ ቁስሉ ላይ ውስጡን የሚያሳይ ላስቲክ እናደርግና ዳር ዳሩን በማርከር እንስላለን፤ ከዚያ ላስቲኩን ሚሊሜትር ወረቀት ላይ አንጥፎ ካሬ መቁጠር ነው። ካሬው ካነሰ ቁስሉ እየዳነ ነው። የሠንጠረዡ ርእስ «የቁስል መኮማተር በመቶኛ» ይላል። መኮማተር! ቃሉን ስንቴ እንደጻፍኩት አላውቅም፤ አንድም ቀን ግን ቆም ብዬ አላሰብኩበትም።

በሬ ዝንብ ሲያርፍበት ቆዳውን ብቻ ለይቶ ሲያርገፈግፍ ያላየ የለም። ያንን የሚያደርገው ከቆዳው ሥር የተነጠፈ ስስ ጡንቻ ነው። አይጥም አላት። ቆዳዋ ልል ስለሆነ ስትቆስል የቁስሉ ዳርና ዳር ገመዱ እንደተሳበ ከረጢት አፍ ይገጥማል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ይበቃታል፤ ያበጠ ጠባሳም አይወጣባትም። በሰው ላይ ያ ጡንቻ ከአንገት አካባቢ በቀር የለም ማለት ይቻላል። የእኛ ቁስል በአብዛኛው የሚዘጋው ከሥሩ ሥጋ እየሞላ፣ ከዳሩ አዲስ ቆዳ እየለበሰ ነው። ጥልቅ ቃጠሎ ከሆነ ጣጣው ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ጠባሳው በወራት ውስጥ ይወፍራል፣ ይጠነክራል፣ ይሸመቀቃል። ጣት ያጥፋል፣ ክርን ይቆልፋል፣ አገጭን ከደረት ያጣብቃል። በአይጧ ሠንጠረዥ ላይ እንደ ውጤት የምንመዘግበው፣ በልጅቷ እጅ ላይ በሽታው ራሱ ነው።

አይጥ አትጠቅምም አላልኩም። ቅባቱ ጉዳት ያደርስ እንደሆነ፣ ቁስሉን ያመረቅዝ እንደሆነ ትነግረናለች። ስለ ጠባሳ ስትጠየቅ ግን መልስ የላትም። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ ቅኝት የቁስል ሕክምናዎች በእንስሳ ላይ ያሳዩትን ውጤት በሰው ላይ ከታየው ጋር ሲያነጻጽር፣ አሳማ 78 በመቶ፣ ትንንሽ እንስሳት ደግሞ 53 በመቶ ያህል ተስማምተዋል። 53 እኮ ዘውድ ወይስ ጎፈር ብሎ ሳንቲም ከመወርወር ብዙም አይሻልም።

የአሳማ ቆዳ እንደ እኛው ከሥሩ ጋር የተጣበቀ ነው፤ ዱሮክ የሚባለው ቀዩ ዝርያ ወፍራም ጠባሳም ያወጣል። ባሕር ዳር ላይ አሳማ ላርባ ብሎ የሚነሣ ተመራማሪ ግን አስቀድሞ ሽማግሌ ወደ ጎረቤት ይላክ። ጥንቸል ይቀላል። የጆሮዋ ቁስል ከሥሩ ያለው ለስላሳ አጥንት ወጥሮ ስለሚይዘው እንደ ልቡ አይኮማተርም፤ ወር ገደማ ሲሆነው ያበጠ ጠባሳ ይታያል። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው። የግድ አይጥ ከተባለም ቁስሉ ዙሪያ ከሲሊኮን የተቆረጠ ቀለበት መስፋት ይቻላል፤ ቀለበቱ ቆዳውን ወጥሮ ይይዘውና ቁስሉ እንደ ሰው ለመሙላት ይገደዳል። ኬሎይድ የሚባለው፣ ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያድገው ጠባሳ ግን ከነጭራሹ የሰው ብቻ ነው፤ ደግሞም እንደ እኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ላይ ይበዛል። እሱን የሚነግረን ታካሚው ራሱ ነው።

ብራዚል ውስጥ፣ ፎርታሌዛ ላይ፣ ሐኪሞች ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ቆዳ አጽድተው ለቃጠሎ መሸፈኛ አድርገውታል። በአይጥ ጀመሩ፣ ግን እዚያ አልቀሩም፤ ወደ ታካሚ ወስደው ሕመሙን፣ ፋሻ የሚቀየርበትን ጊዜ ቆጠሩ። ያው ዓሣ ጣና ውስጥ የራሱ ንዑስ ዝርያ አለው። ቡናዬን ስጠጣ ከፊት ለፊቴ ዓሣ የሚበልቱት ልጆች ቆዳውን ገፈው ለወፎች ይወረውሩታል። የአሳማ ቆዳ ቢሆን ስንቱ እምቢ ባለ፤ በዓሣ የሚቀየም ሃይማኖት ግን እዚህ አላውቅም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ጥበበ ግዮን ሆስፒታሉም ከሐይቁ ሩቅ አይደሉም። ይህን ጥናት የሚጀምር ወጣት ቢገኝ የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ሠንጠረዥህን በሦስተኛው ሳምንት አትዝጋው፤ በስድስተኛው ወርና በዓመቱ ታካሚውን ጠርተህ እጁ እንደሚዘረጋ ለካ።

መሣሪያው ከባድ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፕሮትራክተሯን ተውሼ ትንሿን ጣት ለካሁት። 40 ዲግሪ እንኳ አይዘረጋም። «ስንት ነው ጋሼ?» አለችኝ። ነገርኳት። ደብተሯን ገልጣ፣ ከጂኦሜትሪው የቤት ሥራ ጎን ጻፈችው።