ጎጃምን የሚያበላሹ ጎጃሜ

የድራማው ጎጃሜ ልብስ አይቀይርም። ያቺው አረንጓዴ ቁምጣ፣ ያቺው ዱላ። አባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል፣ ፎቅ ሲቆጥር ኪሱ ይበረበራል፣ ሊፍት ሲከፈት ‹‹እግዚኦ!›› ይላል። ሰው ይስቃል። በማግስቱ ደግሞ ማስታወቂያ ላይ ብቅ ብሎ ሳሙና ይሸጥልናል። ተዋናዩ ደጀንን አልፎ ያውቅ እንደሁ እንጃ።

ይኼ እኮ እነ ዲማ፣ እነ ዋሸራ ያሉበት፣ ተማሪ ከየአገሩ ቅኔ ሊቆጥር የሚጎርፍበት አገር ነው። ሰምና ወርቅ ሲፈታ የሚያድር ሰው፣ ድራማው ውስጥ ግን ተራ ቀልድ እንኳ አይገባውም። ሀዲስ ዓለማየሁም ከዚሁ ከጎጃም የቄስ ትምህርት ቤት ተነስተው ነው አምባሳደርም ሚኒስትርም የሆኑት። ምን ዋጋ አለው፣ ከረባት ያሰረ ጎጃሜ አያስቅም።

ቁምጣው ነውር የለበትም። አባቶቻችን ለብሰውታል፤ ለጭቃም ለእርሻም ይመቻል። የሚገርመኝ የእኛው ነገር ነው።

ጥር ላይ ደብረ ማርቆስ ሰርግ ተጠርቼ ነበር። ሙሽራው የባንክ ሠራተኛ ነው። ከኳስ ሜዳ ውጭ ቁምጣ ለብሶ አያውቅም። ለቪዲዮው ግን ተከራይቷል። የዱላ አያያዙን ከቲክቶክ ነው ያጠናው። ቁምጣው ላይ የአከራዩ ቁጥር በነጭ ክር ተሰፍቷል፤ ካሜራማኑ ‹‹በግራ አትዙርብኝ!›› እያለ ይጮሃል።

በዚህ መሃል አጎቱ ከቢቸና በኩል ደረሱ። ጤፍ አምራች ናቸው። ለሰርጉ ብለው ሙሉ ልብስ ግጥም አድርገዋል፤ ጫማቸው ፊት ያሳያል። ካሜራማኑ ደነገጠ።

‹‹ጋሼ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ። የገበሬውን ቀረጻ እያበላሹብኝ ነው።››

‹‹ገበሬው የታል?››

ወደ ሙሽራው ጠቆማቸው።

‹‹ይኼ? ይኼ እኮ በሬ ከላም አይለይም!››

ቪዲዮው ተለቀቀ። አዲስ አበባ የተወለዱት ዘመዶች ‹‹አይ የእኛ አገር!›› እያሉ ልብ በልብ አደረጉት። አጎትየው ተቆርጠው ወጥተዋል።

አሁን ደግሞ የራሳቸው ልጅ ሰርግ ደርሷል። ባለፈው ልብስ ሰፊ ቤት አገኘኋቸው። ሰፊው ጎንበስ ብሎ እግራቸውን ይለካል።

‹‹ከጉልበት በላይ አድርገው›› አሉት፤ ‹‹ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን አላየኸውም?››