«ፓስፖርት ተገኝቷል» እያሉ ፓስፖርት መበተን

ጀርመን ባሉ የሐበሻ ቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ጽሑፍ አለ። «ይህ ፓስፖርት ባቡር ጣቢያ ወድቆ ተገኝቷል፤ ባለቤቱን የምታውቁ ሼር አድርጉ» ይላል። ከሥሩ የፓስፖርቱ ገጽ ከነፎቶው፣ ከነቁጥሩ፣ ከነትውልድ ቀኑ ተለጥፏል። የሚለጥፈው ሰው ቅን ነው፤ ለዚህ ጥርጥር የለኝም። የሚያንገበግበኝ ግን ወድቆ ሳለ አንድ ሰው ብቻ ያየውን ሰነድ ከዚያ በኋላ ስንቱ በስልኩ እንደሚያስቀምጠው አለማሰባችን ነው።

ጠንቀቅ የሚሉት የላይኛውን ቁጥር በአውራ ጣት ሸፍነው ያነሳሉ። ከገጹ ግርጌ ያሉትን ሁለት መስመሮች ግን ማንም ልብ አይላቸውም። እያንዳንዳቸው 44 ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ይይዛሉ። ስም፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ ዜግነት፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታና የሚያበቃበት ቀን እዚያ በድጋሚ ተጽፈዋል። ስለዚህ ላይ የሸፈናችሁትን ቁጥር ታች ራሳችሁ ሰጣችሁ ማለት ነው። ቺፕ ባለው ፓስፖርት ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ቁጥሩ፣ የትውልድ ቀኑና የሚያበቃበት ቀን አንድ ላይ ሆነው ቺፑን ለማንበብ የሚያስፈልገውን ቁልፍ ይሠራሉ።

የተገኘ ፓስፖርት ፎቶ ጨርሶ አያስፈልገውም። የባለቤቱ ስም፣ የአባት ስም የመጀመሪያ ፊደልና የተገኘበት ከተማ ተጽፎ ቢለጠፍ ይበቃል። «የእኔ ነው» ብሎ የሚመጣውን ሰው የትውልድ ቀኑን ትጠይቁታላችሁ። ሁሉንም ከለጠፋችሁት ግን አጭበርባሪውም አንብቦ ይመልስላችኋል። በሁለት ቀን ባለቤቱ ካልተገኘ ለፖሊስ ወይም ለኤምባሲ ማስረከብ ነው።

«የፓስፖርት ኮፒ ምን ያደርግለታል?» የሚል ብዙ ነው። እዚህ ጀርመን የታወቀው የቤት ኪራይ ማጭበርበር የሚሠራው በሌላ ሰው ኮፒ ነው። ርካሽ ቤት በማስታወቂያ ይወጣል፤ «አከራዩ» ውጭ አገር ነኝ ይልና ቁልፉን በፖስታ ለመላክ ማስያዣ ይጠይቃል። ለማሳመን የራሱ ያስመሰለውን መታወቂያ ይልካል። መታወቂያው ግን ከእናንተ በፊት የተጭበረበረ የሌላ ሰው ነው። የእናንተንም ኮፒ ይቀበልና ለቀጣዩ ሰው ያሳየዋል። በመጨረሻ ፖሊስ ደጃፍ የሚጠራው ስሙ ኮፒው ላይ ያለው ምስኪን ነው።

የጀርመን የመታወቂያ ሕግ አንቀጽ 20 ስለ ኮፒ ይናገራል። የጀርመን መታወቂያን ኮፒ ማድረግ የሚቻለው ባለቤቱ ራሱ ሲያደርገው ወይም ሲፈቅድ ነው፤ ኮፒው ኮፒ መሆኑ በግልጽ መለየት አለበት፤ ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ የሚችለውም ባለቤቱ ብቻ ነው። በእኛ ግሩፖች ግን የሰው ሰነድ ለጥፎ «ሼር አድርጉ» ማለት ደግነት ሆኗል።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ ዋናው ቦታ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው። «በቴሌግራም ላኩልኝ» ይባላል፤ ደንበኛው ይልካል፤ ልጁ ዳውንሎድ አድርጎ ፕሪንት ያደርጋል፤ ብር ተከፍሎ ይወጣል። ፋይሉ ግን ኮምፒውተሩ ላይ «ዳውንሎድስ» ውስጥ ባለው «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» ፎልደር ይቀራል። ደንበኛው ከቻቱ ለሁለቱም ወገን ቢያጠፋው እንኳ ፎልደሩ ውስጥ የወረደው አይጠፋም። ከዚያ በኋላ የመጣ ደንበኛ ፍላሹን ሰክቶ ፋይሉን ሲፈልግ የሰፈሩ ሰው ሁሉ መታወቂያ፣ ዲግሪና የጋብቻ ወረቀት በስክሪኑ ላይ ያልፋል። ልጁን መውቀስ አይገባም፤ አጥፋልኝ ያለው ማንም የለም። ፕሪንቱ እንዳለቀ «እዚሁ ፊቴ አጥፋልኝ» በሉ። ሺፍት ተጭኖ ዲሊት ካላለ ፋይሉ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል።

የፋይዳው፣ ማለትም የብሔራዊ መታወቂያው፣ ደግሞ ከዚህም ይከፋል። ፋይዳ ሲመዘገቡ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ ይሰጣል። ካርዱን ለማሳተም ሲባል ሰው ቁጥሩን ለኮፒ ቤት ይሰጣል፤ ስልኩ ላይ ኦቲፒ (የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ኮድ) ሲመጣም ጮክ ብሎ ያነብለታል። ያ ኮድ የተላከው የቁጥሩ ባለቤት እናንተ መሆናችሁን ለማረጋገጥ ነው። ለሌላ ሰው ካነበባችሁት ሲስተሙ ያንን ሰው እናንተ አድርጎ ይቀበለዋል። ፋይሉን በራሳችሁ ስልክ አውርዱና ለሕትመት ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። የማትችል እናት ካለች ልጇ ወይም የልጅ ልጇ ይሥራላት። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ አሻራ አይቀየርም።

ኮፒ የግድ ሲያስፈልግ ደግሞ ላዩ ላይ «ለእገሌ መሥሪያ ቤት ለዚህ ጉዳይ ብቻ» ብላችሁ ከነቀኑ በሰያፍ ጻፉበት፤ ጽሑፉ ፊቱንና ቁጥሩን ያቋርጥ። የማያስፈልገውን ስትሸፍኑ የስልኩን ማርከር አትመኑ። ጥቁር ቢመስልም ብርሃኑ ከፍ ሲደረግ ከሥሩ ያለው ብቅ ይላል። ሙሉ ጥቁር ሳጥን አድርጉበትና ስክሪንሾት አንስታችሁ ስክሪንሾቱን ላኩ። በቴሌግራም «ፋይል» ብላችሁ የምትልኩት ፎቶ የተነሳበትን ቦታ ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ «ፎቶ» ብላችሁ ስትልኩት ይህ መረጃ ይቀራል።

የወረቀቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ጀርመን ውስጥ ለግል መረጃ የሚመከረው የወረቀት መፍጫ ደረጃ ፒ-4 ይባላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ከ160 ካሬ ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። እኛ አገር ያረጀ የቢሮ ወረቀት የቆሎና የኦቾሎኒ መጠቅለያ ሆኖ ሱቅ ይገባል። ስምና ፊርማ እያነበብን ቆሎ እንበላለን።

አገራችን ሕግ የላትም እንዳይባል የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ኮፒ ቤቱና ግሩፑ ጋ ግን ገና አልደረሰም።

ከሁሉ የሚከብደኝ የሕክምና እርዳታ ጥሪው ነው። የሕፃኑ ፊት፣ ሙሉ ስሙ፣ የእናቱ ስልክ፣ ከነማህተሙ የሐኪሞች ቦርድ ወረቀት ሁሉም በአንድ ላይ ይለጠፋል። ሰው የሚረዳው ሲያምን ስለሆነ ማስረጃ መጠየቁ ትክክል ነው። ማስረጃውን ግን ግሩፑ የሚያውቃቸው ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ወይም የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች አይተው «አረጋግጠናል» ብለው ቢጽፉ ይበቃል። በይፋ የሚወጣው የሂሳብ ቁጥሩ፣ የሚያስፈልገው ገንዘብና የተሰበሰበው ይሁን። የምርመራው ውጤት፣ የካርድ ቁጥሩና የልጁ ፊት ይቅር። ገንዘቡ ሲሞላም አድሚኖች ጥሪውን ይሰርዙት፤ ሌላ ግሩፕ የወሰዱትንም እንዲሰርዙ ይጠይቁ። ያ ልጅ ድኖ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ሥራ ይቀጠራል፤ ትዳር ይይዛል። ስሙን ጎግል ላይ ጽፎ የሚፈልገው ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የሕመሙ ወረቀት ሊሆን አይገባም።