የኬጂ ኮምፒዩተር ትምህርት፣ እዚህና እዚያ

በእንግሊዝ አገር አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ኮምፒዩቲንግ የሚባል ትምህርት ይጠብቀዋል። ከመስከረም 2014 ጀምሮ (የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ብሔራዊው ሥርዓተ ትምህርት ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ያሉ ልጆች አልጎሪዝም (አንድን ሥራ ለመፈጸም ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ ትእዛዝ) ምን እንደሆነ እንዲረዱ፣ ቀላል ፕሮግራም እንዲሠሩና ስህተቱንም ራሳቸው ፈልገው እንዲያርሙ ያዛል። ይህን ለአገር ቤት ሰው ስነግር «ወይ ፈረንጅ! አፍንጫቸውን እንኳን መጥረግ ሳይችሉ?» ይለኛል። በሐሳቡ የሚታየው የተደረደረ ላፕቶፕና ፊት ለፊቱ የተገተረ ሕፃን ነው። በረዳት መምህርነት የምሠራበት የሎንዶን ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ትምህርቱ በአብዛኛው የሚካሄደው ወለል ላይ ነው።

ቢ-ቦት የምትባል ቢጫና ጥቁር፣ ንብ የምትመስል አሻንጉሊት አለች። ጀርባዋ ላይ የአቅጣጫ ቀስቶች፣ መሐሉ ላይ ደግሞ አረንጓዴ የ«ሂድ» ቁልፍ አላት። የወደፊቱን ቀስት አንዴ ነክተው «ሂድ»ን ሲጫኑላት 15 ሴንቲ ሜትር ትሄዳለች። ልጆቹ በካሬ በካሬ የተሰመረ ምንጣፍ ላይ ያስቀምጧትና ዛፉ ሥዕል ጋ እንዲያደርሷት ይታዘዛሉ። ብዙዎቹ የሚስቱት እዚሁ ጋ ነው። የቀኙን ቀስት ሲጫኑ ዞራ ወደዚያው የምትራመድ ይመስላቸዋል፤ እሷ ግን ባለችበት ትዞርና ቀጥ ትላለች። ሌላው ስህተት ደግሞ የባሰ ነው። የቀድሞውን ትእዛዝ ሳያጠፉ አዲስ ይጨምሩላታል፤ አሮጌውንም አዲሱንም አከታትላ ስትፈጽም ከምንጣፉ ትወጣና ከወንበር እግር ጋር ትላተማለች። «ተበላሽታለች!» ብሎ ይጮሃል አንዱ። መምህርቷ ዝም። ልጅ ሲሳሳት ቶሎ ማረም በለመደ አገር ላደገ እንደኔ ላለ ሰው ያ ዝምታ ያሳክካል። ጥቂት ቆይታ አንዲት ልጅ «አልተበላሸችም፣ የበፊቱን አልረሳችም እኮ» አለች። የዕለቱ ትምህርት ይኸው ነበር። ስክሪን የሚባል ነገር በአጠገባቸው አልነበረም።

እንግሊዞችም እዚህ የደረሱት በአንድ ጀምበር አይደለም። እስከ 2012 ድረስ የሚያስተምሩት «አይሲቲ» (የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂ) ነበር። በዚያ ዓመት ጥር ወር የወቅቱ የትምህርት ሚኒስትር ማይክል ጎቭ፣ ልጆች ወርድና ኤክሴል ሥራው በሰለቻቸው መምህራን እየተማሩ እነሱም ተሰላችተዋል ብሎ ያንን ሥርዓተ ትምህርት እንደሚያነሳው አወጀ። ከአምስት ዓመት በታች ላሉት ደግሞ ጭራሽ ወደኋላ ተመልሰዋል፤ በመስከረም 2021 ሥራ ላይ የዋለው ማዕቀፍ ሕፃናቱ ከሚመዘኑባቸው ግቦች ውስጥ ቴክኖሎጂ የሚለውን አውጥቶታል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ ልውሰዳችሁ። የእህቴ ልጅ ዩኬጂ ነው፤ የሚማርበት የግል ትምህርት ቤት ባነሩ ላይ «ከኬጂ ጀምሮ ኮምፒዩተር እናስተምራለን» ይላል። በ2024 ወጣቱን ለማሠልጠን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች (ፕሮግራም ጻፊዎች) ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ «ኮዲንግ» የሚል ተጨምሮበታል። እንድጎበኝ ፈቀዱልኝ። የኮምፒዩተር ክፍሉ በር ላይ ጫማ ይወለቃል። ኮምፒዩተሮቹ በልካቸው የተሰፋ ጨርቅ ለብሰዋል፤ አቧራ እንዳይነካቸው ነው። መምህርቷ የአንዱን ጨርቅ ገልጣ በዱላ እያመለከተች «ዚስ ኢዝ ኤ ሞኒተር» ስትል አርባ የሚሆኑ ሕፃናት በአንድ ድምፅ ይቀበሏታል። ቀጥሎ ማውስ፣ ቀጥሎ ኪቦርድ፣ በመጨረሻም «ኮምፒዩተር ኢዝ አን ኤሌክትሮኒክ ማሽን» በቃል ተወጣ። መሐል ላይ መብራት ሄደ። ትምህርቱ ግን ለአፍታም አልተቋረጠ፤ መብራት የሚያስፈልገው ነገር አልነበረውማ!

መምህርቷ ላይ አልፈርድም። አርባ ልጅና ጥቂት ኮምፒዩተር ይዞ ከዚህ የተሻለ ማድረግ ከባድ ነው። ዳያስፖራውም ከደሙ ንጹሕ አይደለም፤ ለእህት ለወንድም ልጅ ታብሌት ጭነን የምንሄደው እኛ ነን። እዚህ ሎንዶንም ቢሆን ዩቲዩብ ካልተከፈተላቸው ምግብ የማይጎርሱ የሐበሻ ልጆች ሞልተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ሕፃናት ስክሪን በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥርም የተሻለ እንደሆነ መክሯል፤ የትኛው ቤት ውስጥ እንደሚከበር እንጃ።

ልጆቻችን ፈጣን አይደሉም የሚለኝ ሰው ካለ ደግሞ ወንጪን አነሳለታለሁ። በ2012 ይፋ በሆነ አንድ ሙከራ፣ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ታብሌት እንደታሸገ ትቶላቸው ሄደ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው አንዱ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ፣ ማብሪያውን አግኝቶ ለማብራት አራት ደቂቃ ብቻ ፈጀበት፤ በአምስት ወር ውስጥም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ልጆቹ ራሳቸው አስከፍተውታል። ደስ ይላል። ግን ዕቃ መክፈት ሌላ፣ ነገርን በቅደም ተከተል አስቦ የት ጋ እንደተሳሳቱ መለየት ሌላ። ሁለተኛው አስተማሪ ይፈልጋል።

ይህ ሁለተኛው ደግሞ ለእኛ እንግዳ ነገር አልነበረም። የቄስ ትምህርት ቤት ያየ ያውቀዋል። ልጁ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆን በስንደዶ እያመለከተ አግድም ሲወጣ ይቆይና የኔታ አቡጊዳን ያመጡበታል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ፊደሉም ቤቱም በአንዴ ይቀያየራል፤ በዜማው ብቻ ሲጓዝ የነበረው ልጅ እዚህ ላይ ይጋለጣል፣ ሰንጠረዡን የተረዳው ይዘልቃል። የኔታ ዱላቸው ይቅርብንና ይቺ ዘዴያቸው ግን ሞኒተርና ማውስ እየጠሩ ከማስቀበል የተሻለች የኮምፒዩተር ትምህርት ነበረች። ባነር ለጥፈን የምንከፍልበት እኮ እንግሊዞቹ ከጣሉት አይሲቲም ያነሰ ነው።

ከክፍሉ ስንወጣ ለመምህርቷ ይህንኑ አጫወትኳት። ግቢው ውስጥ ልጆች በጠመኔ ያሰመሩት ሰኞ ማክሰኞ ነበር። ካሬዎቹን ጨምሮ አንዱን ልጅ ሮቦት ማድረግ፣ ሌሎቹ «ሁለት ወደፊት፣ ወደ ግራ ዙር፣ አንድ ወደፊት» እያሉ ኳሷ ጋ እንዲያደርሱት፣ ከሳቱም ከየትኛው ትእዛዝ እንደሳቱ እንዲፈልጉ ማድረግ ይቻላል አልኳት። ወጪው ጠመኔ ብቻ ነው። ሐሳቡን ወደደችው። እዚያው ሁለቱን ልጆች ጠርታ ሞከረችው፤ ሮቦቱ ቀኝና ግራውን ስላልለየ ግድግዳ ጋ ደረሰ፣ ልጆቹም ተንከተከቱ። ከዚያ ፊቷ ትንሽ ጠቆረ።

«ጋሼ፣ እሱስ ጥሩ ነበር» አለችኝ። «ግን ወላጅ የሚከፍለው ለኮምፒዩተሩ ነው። ማታ ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ? ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ዋሉ ልበል?»