ለቀጣሪውስ ተያዥ ማን ነው?

ቴሌግራም ላይ ሥራ የሚፈልግ ሰው ይቺን ማስታወቂያ በቃሉ ይወጣታል። «ድርጅታችን ከዚህ በታች በተጠቀሰው የሥራ መደብ አመልካቾችን አወዳድሮ መቅጠር ይፈልጋል። ደመወዝ፦ በስምምነት። በቂ ተያዥ ማቅረብ የሚችል።» የድርጅቱ ስም አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ከአንተ ግን የማይጠየቅ ነገር የለም። ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ፣ ከቀድሞ መሥሪያ ቤትህ መልቀቂያ፣ ገንዘብ ያዥ ከሆንክ ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ የዋስትና ደብዳቤ አጽፎ የሚመጣልህ ሰው።

እነሱ አንተን ለማጣራት ይሄን ያህል ከሄዱ፣ አንተም ሲቪህን ከመላክህ በፊት እነሱን ብታጣራ ምን ነውር አለው? እኛ አገር ልጅ ለመዳር እንኳን የማን ልጅ ነው፣ ጠባዩስ እንዴት ነው ተብሎ ሰፈር ይጠየቃል። በቀን ስምንት ሰዓት የምንውልበት ቤት ግን ፎቁን አይተን ዘው እንላለን።

«ሥራ በጠፋበት አገር ምን ማማረጥ ነው?» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ግን ማጣራት ማማረጥ አይደለም። ቤቱ መጥፎ መሆኑን እያወቅህም ልትገባ ትችላለህ፣ ኪራይ አይጠብቅማ። ያኔ ግን ኦሪጅናል ዲግሪህን «ፋይል ውስጥ ይቀመጥ» ሲሉህ አታስረክብም። ያለህበትንም ሥራ ዘለህ አትለቅም፣ አጎትህንም ዋስ አታደርግም።

ንግድ ፈቃዱን ማየት ቀላል ነው። የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር በኦንላይን ማረጋገጫ አለው። ፈቃዱ ግን ድርጅቱ መኖሩን እንጂ ደመወዝ በወሩ መጨረሻ መክፈሉን አይነግርህም። የፌስቡክ ገጹን ደግሞ ተወው። ኬክ ሲቆረስና ቲሸርት ሲታደል ነው የምታየው።

እኔ የምወደው መንገድ ሌላ ነው፣ ሳንቲም አያስወጣም። የማስታወቂያ ቻናሉን ክፈትና መፈለጊያው ላይ የድርጅቱን ስም ጻፍ። የዱሮ ማስታወቂያዎቹ ተግተልትለው ይመጣሉ። አሁን ቀኑን ተመልከት። ያው መደብ፣ ያው መስፈርት በኅዳር ወጥቷል፣ በየካቲት ወጥቷል፣ በግንቦት እንደገና ወጥቷል? እያደግን ነው ሊሉህ ይችላሉ፤ ሊሆንም ይችላል። ግን አንድ አካውንታንት የሚበቃው ቤት በዓመት ሦስቴ አንድ አካውንታንት ከፈለገ፣ ወንበሩ ላይ የሚቆይ ሰው የለም ማለት ነው። የወራቱንም ርቀት ልብ በል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን 45 ቀን ከነበረበት ወደ 60 የሥራ ቀን አሳድጎታል፣ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ አሥር ሳምንት ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ «ብቁ አይደለህም» ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ማሰናበት ይቻላል። ማስታወቂያው በየሦስት ወሩ ብቅ የሚል ከሆነ እንግዲህ ነገሩ ይገባሃል።

ከዚያ የለቀቁትን ፈልግ። ሊንክድኢን ላይ ድርጅቱን «የቀድሞ» ብለው ያስቀመጡ አሉ፣ ካልሆነም የጓደኛህ ጓደኛ አይጠፋም። «እንዴት ነው ቤቱ?» ብለህ ብትጠይቅ «ምንም አይል» ይሉሃል፣ ይሉኝታ አለ። ጥያቄውን ጠበብ አድርገው። የጽሑፍ ውል ሰጥተውህ ነበር? (ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ፈርሞ መስጠት አለበት።) ስትለቅ የሥራ ልምድ ወረቀት ወዲያው ጻፉልህ ወይስ አመላለሱህ?

በተለይ ጡረታን ጠይቅ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርለታል። የሚቆርጥ ሁሉ ግን ገቢ አያደርግም። እዚያ ሠርቶ የወጣ ሰው የጡረታ መለያ ቁጥር ከሌለው፣ ሌላ ማስረጃ አትፈልግ። ሌላም ዘዴ አለ፦ 12 ሺህ ብር ብለው ቀጥረው፣ ውሉ ላይ 4 ሺውን ደመወዝ፣ 8 ሺውን አበል ያደርጉታል። ጡረታውም የትርፍ ሰዓቱም የስንብቱም ሒሳብ በ4 ሺዋ ይሠራል። በእጅህ የገባውን ብር ስትቆጥር ደስ ብሎህ ትወጣለህ፣ ነገሩ የሚገባህ ስትለቅ ነው።

ጥበቃውንም አትናቀው። ሲቪ ለማስገባት ስትሄድ ሰላም ብለህ፣ ትንሽ ተጫውተህ፣ ሠራተኛ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ጠይቀው። ከሰው ሀብት ኃላፊው የተሻለ እሱ ያውቃል።

«ለምዝገባ»፣ «ለሥልጠና» ብሎ ብር የሚጠይቅህን ቀጣሪ ግን ማጣራትም አያስፈልግ፣ ተመለስ።

ብዙ የሚጠይቅ አመልካች ችግር ፈጣሪ ነው የሚሉ አለቆች እንዳሉ አውቃለሁ። ጡረታ ትከፍላላችሁ ወይ ሲባል ፊቱን የሚያጠቁር አለቃ መልሱን ሰጥቷል። ኢንተርቪው ላይ «ጥያቄ ካለህ» ሲሉህ ዝም አትበል። «ከእኔ በፊት እዚህ ቦታ የነበረው ሰው ወዴት ሄደ?» በል። አድጎ ቅርንጫፍ ኃላፊ ሆነ፣ ውጭ ሄደ፣ እኛ ነን ያሰናበትነው፣ ሁሉም መልስ ነው። እርስ በርስ ከተያዩ ግን ያንን ሰውዬ ፈልገህ ሳታገኝ አትፈርም።